መጠን መለወጫ ትእዛዝ፦ «ቀኝ» ሲባል ጠርዙ ነው ወይስ አቅጣጫው?

ባለ_አንጓ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። መስኮቶችን ሳያደራርብ ጎን ለጎን የሚደረድር አነስተኛ የመስኮት አስተዳዳሪ ለኤክስ11 (በሊኑክስና በመሰል ሥርዓቶች መስኮቶችን ስክሪን ላይ ለሚያሳየው ሥርዓት) በመጻፍ ላይ ነኝ። ፕሮግራሙ ራሱ ኪቦርድ አያዳምጥም፤ ቁልፎችን የሚከታተለው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን፣ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አንድ መስመር ጽሑፍ በሶኬት (ፕሮግራሞች መልእክት በሚለዋወጡበት መገናኛ) በኩል ይልክልኛል፤ እኔም መስመሩን ተንትኜ እፈጽማለሁ። በዚህም ምክንያት ተጠቃሚው በማዋቀሪያ ፋይሉ የሚጽፈውና ስክሪፕት የሚልከው ትእዛዝ አንድ ዓይነት ነው። አገባቡ አንዴ ከወጣ በኋላ እሱን መለወጥ የሰዎችን ፋይል መስበር ስለሚሆን፣ ከመልቀቄ በፊት አስተያየታችሁን ማግኘት እፈልጋለሁ።

መስኮቶቹ የሚያዙት በዛፍ ነው። እያንዳንዱ አንጓ ልጆቹን በአግድም ወይም በቁም ይከፍላል፤ የልጆቹም ብዛት ከሁለት ሊበልጥ ይችላል። ከዛፉ ውጭ የሚንሳፈፉ መስኮቶችም አሉ። ለመክፈት፣ ለመዝጋትና ለማዛወር ያወጣኋቸው ትእዛዞች ብዙም አላስቸገሩኝም፤ የተቸገርኩት በመጠን መለወጫው ነው። ሦስት ረቂቆች አሉኝ፤ ቃላቱን ለውይይቱ እንዲመች በአማርኛ አስቀምጫቸዋለሁ፦

ጨምር ቀኝ 20

ጠርዝ ቀኝ +20

ግፋ ቀኝ 20

በመጀመሪያው መስኮቱ በቀኝ በኩል ይሰፋል፤ ተቃራኒው «ቀንስ ቀኝ 20» ይሆናል። ሁለተኛው ጠርዙን ይሰይምና ለውጡን በምልክት ይገልጻል። ሦስተኛው ስለ መስኮቱ መጠን ምንም አይናገርም፤ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ድንበር ወደ ቀኝ ይገፋል እንጂ፣ መስኮቱ በዚያ የተነሣ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል።

ከሦስቱ የትኛውን ትመርጣላችሁ? 20 የሚለው ቁጥርስ ፒክሰል ቢሆን ይሻላል ወይስ በመቶኛ? የመስኮቱ ቀኝ ጠርዝ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር የገጠመ ከሆነና ወዲያ የሚሄድበት ቦታ ከሌለ ደግሞ ትእዛዙ ምን ማድረግ ይኖርበታል?

---

ጽሑፍ_ተንታኝ

ችግሩ «ቀኝ» በሚለው ቃል ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መጫናቸው ይመስለኛል። ቃሉ የትኛው ጠርዝ እንደሚነካ ሊናገር ይችላል፤ ያ ጠርዝ ወዴት እንደሚሄድም ሊናገር ይችላል። መስኮት ሲሰፋ ሁለቱ ስለሚገጥሙ ልዩነቱን የሚያስተውለው የለም፤ ሲጠብ ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያው ረቂቅዎ «ቀንስ ቀኝ 20» ሲባል የሚንቀሳቀሰው የቀኙ ጠርዝ ነው፣ የሚሄደው ግን ወደ ግራ ነው። ይህን ያነበበ ሰው «መስኮቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ማለትም የግራው ጠርዝ ወደ ቀኝ ይገባል» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

ነባሮቹ የመስኮት አስተዳዳሪዎች ይህን በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። አይ3 «ጨምር» እና «ቀንስ» የሚሉ ግሦችን ከአቅጣጫ ጋር ያጣምራል፤ ከአራቱ አቅጣጫዎች በተጨማሪ «ስፋት» እና «ቁመት» የሚሉ ቃላትንም ይቀበላል፤ በእነዚህ ጊዜ ጠርዝ አይለይም፣ የሚጨመረው ቦታ ከወንድም መስኮቶች (በአንድ አንጓ ሥር ካሉት) ሁሉ ተካፍሎ ይወሰዳል። ስዌይም ይህንኑ አገባብ ተከትሎ ሠርቷል። ቢኤስፒደብሊውኤም ግሡን ጨርሶ ትቶታል፦ ጠርዝ ወይም ማእዘን ይሰየማል፤ ከዚያ የአግድምና የቁም መፈናቀል በሁለት ቁጥሮች ይከተላል። ማእዘን መሰየም መቻሉ በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ቁጥሮቹ ግን የስክሪን አቀማመጥን የሚከተሉ በመሆናቸው፣ በቀኝ በኩል ለማስፋት 20 ሲጻፍ በግራ በኩል ለማስፋት ከዜሮ በታች 20 መጻፍ ግድ ይላል። ወደ ላይ ማስፋትም እንዲሁ ነው፤ የቁም ቁጥር ከላይ ወደ ታች ስለሚያድግ ምልክቱ ይገለበጣል። በሰዎች የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አራቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የቱ እንደሚያሰፋና የቱ እንደሚያጠብ ለመለየት ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ረቂቅዎ ነው፤ ነገር ግን ምልክቱ የስክሪኑን ሳይሆን የመስኮቱን መጠን እንዲከተል አድርገው ይደንግጉት። የመደመር ምልክት ሁልጊዜ ጠርዙን ወደ ውጭ፣ የመቀነስ ምልክት ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይውሰደው። «ጠርዝ ግራ +20» ያሰፋል፤ «ጠርዝ ላይ -20» ያጠባል። ግሡ አንድ ብቻ ስለሚሆን «ቀንስ ቀኝ -20» የሚል ድርብ አሉታም አይፈጠርም፤ ግሦቹን ለማቆየት ከወሰኑ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥርን ፓርሰሩ (ትእዛዙን የሚተነትነው ክፍል) በስህተት መልእክት ይመልሰው።

ሌላው ያላነሡት ነገር፣ ለውጥን መናገርና ቁርጥ ያለ መጠን መናገር የሚለያዩበት መንገድ ነው። ቪም በተባለው የጽሑፍ አርታዒ ውስጥ ቁጥሩ ምልክት ካለው ለውጥ ነው፤ ከሌለው ደግሞ መጠኑን በቀጥታ ይወስናል። በአርታዒ ውስጥ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በእርስዎ ፕሮግራም ግን የመደመር ምልክቷን የረሳ ሰው ሃያ ፒክሰል ስፋት ያለው መስኮት ይዞ ይቀራል። ዲደብሊውኤም የተባለው የመስኮት አስተዳዳሪ ከዚህም የባሰ አቋራጭ መርጧል፦ የዋናው ክፍል ምጣኔ የሚለወጠው በአንድ ክፍልፋይ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ1.0 በታች ከሆነ በነባሩ ላይ ይደመራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 1.0 ይቀነስለትና ቀሪው አዲሱ ምጣኔ ይሆናል። ስለዚህ 0.05 «ትንሽ ጨምር» ማለት ሲሆን 1.5 «እኩል ክፈል» ማለት ነው። ማዋቀሪያው የሲ ኮድ በሆነበትና ተጠቃሚው ራሱ ኮምፓይል በሚያደርግበት ፕሮግራም ይህ ይታለፋል። በሶኬት በሚሄድ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ግሦች ያድርጓቸው፦ ለለውጥ «ጠርዝ»፣ ለቁርጥ መጠን «መጠን አድርግ»። በሁለተኛው ግሥ ምልክት ያለው ቁጥር ስህተት ይሁን፤ በመጀመሪያው ደግሞ ምልክት የሌለው ቁጥር ስህተት ይሁን።

---

ሩብ_ፒክሰል

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ መለኪያው ግን ገና አልተነገረም፣ እንደኔ ግምት ደግሞ ወደፊት ብዙ ቅሬታ የሚመጣብዎት ከዚያ በኩል ነው።

«በመቶ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የምን በመቶ እንደሆነ መታወቅ አለበት። 1920 ፒክሰል ስፋት ባለው አንጓ ውስጥ ሦስት እኩል መስኮቶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 640 ናቸው። «10 በመቶ ጨምር» ሲባል ከወላጁ ስፋት ከተሰላ 192 ፒክሰል ይሆናል፤ ከመስኮቱ ከራሱ ከተሰላ ደግሞ 64 ነው። አይ3 የመጀመሪያውን መርጧል፤ መለኪያው የወላጁ መቶኛ ነጥብ ነው። ይህ ምርጫ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ 10 ነጥብ ጨምሮ 10 ነጥብ መቀነስ መስኮቱን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ከመስኮቱ ከራሱ ቢሰላ ግን 640 ወደ 704 ያድግና ሲቀነስ 633.6 ላይ ይቆማል፤ ሁለቱን ቁልፎች እያፈራረቀ የሚጫን ሰው መስኮቱ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሲሄድ ያያል። የወላጅ መቶኛ ጉድለት ደግሞ ዛፉ ሲጠልቅ ይታያል፤ ያው ትእዛዝ 960 ስፋት ባለው ውስጠኛ አንጓ ውስጥ 96 ፒክሰል ብቻ ያንቀሳቅሳል። ቁልፉ አንድ ሆኖ እርምጃው እንደየቦታው ይለያያል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለቁልፍ ፒክሰል፣ ለስክሪፕት መቶኛ የምመርጠው።

የሚንሳፈፍ መስኮት በዛፉ ውስጥ ወላጅ ስለሌለው የወላጅ መቶኛ ለእሱ ትርጉም የለውም። አይ3 ይህን የፈታው በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት መለኪያዎችን «ወይም» በሚል ቃል አያይዞ በማስቀመጥ ነው፤ ፒክሰሉ ለተንሳፋፊው፣ መቶኛው ለተደረደረው ይሆናል። ሲያነቡት ይከብዳል፣ ግን ሐቀኛ አገባብ ነው፤ ፕሮግራሙ ከጀርባ ሆኖ ከሚገምት ተጠቃሚው ሁለቱንም ቢጽፍ ይሻላል።

ተርሚናሎችን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥባቸውን መስኮቶች) ለሚያንሳፍፍ ሰው ሦስተኛ መለኪያም ያስፈልጋል። በኤክስ11 አንድ ፕሮግራም ስለ መጠኑ ከሚሰጣቸው ፍንጮች መካከል ትንሹና ትልቁ መጠን ብቻ ሳይሆን የእድገት እርምጃውም ይገኛል፤ ለተርሚናል ይህ እርምጃ የአንድ ፊደል ስፋትና ቁመት ነው። ኤፍቪደብሊውኤም የተባለው የመስኮት አስተዳዳሪ ይህን ተጠቅሞ በቁጥሩ መጨረሻ በሚቀጠል አንድ ፊደል ሦስት መለኪያዎችን ይለያል፦ ባዶ ቁጥር የስክሪኑ መቶኛ ነው፤ አንደኛው ቅጥያ ፒክሰል፣ ሌላኛው ቅጥያ ደግሞ የፕሮግራሙ የራሱ አሃድ ነው። ስለዚህ ተርሚናልን በትክክል 80 ዓምድና 24 መስመር እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ይቻላል። ከዚህ በተቃራኒ የቆየውን የኤክስ ጂኦሜትሪ ጽሑፍ ይመልከቱ፦ 80 በ24 የሚለው ጽሑፍ ለተርሚናል ሲሰጥ የፊደል ብዛት፣ ለሌላ ፕሮግራም ሲሰጥ የፒክሰል ብዛት ነው። መለኪያው በጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ አንባቢው ትእዛዙን ብቻ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። የእርስዎ አገባብ ይህን አይውረስ፤ መለኪያ የሌለው ቁጥር ተቀባይነት አይኑረው።

የምጣኔ አቀማመጥን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአገባቡ ትንሽ ቢርቅም ውጤቱ በአገባቡ በኩል ይታያል። በአንጓው ውስጥ የሚያስቀምጡት ክፍልፋይ ከሆነ፣ የፒክሰል ትእዛዝን ወደ ክፍልፋይ ለውጠው ያስቀምጡና ወደ ሙሉ ቁጥር የሚያጠጋጉት መስኮቱን በሚስሉበት ጊዜ ብቻ ይሁን። የተጠጋጋውን መልሰው ካስቀመጡት ስሕተቱ ይከማቻል። 1366 ፒክሰል ለሦስት ሲካፈል 455.33 ነው፤ ሁለቱ ልጆች 455 ይያዙና የመጨረሻው ቀሪውን 456 ይውሰድ እንጂ፣ ሦስቱንም ለየብቻ አጠጋግተው በቀኝ በኩል የአንድ ፒክሰል ስንጥቅ አይተዉ።

---

ማውስ_የለሽ

በአክብሮት ልለይ። እስካሁን የተሰጡት መልሶች ትእዛዙን የሚያነበውን ሰው እንጂ ቁልፉን የሚጫነውን ሰው አላሰቡም። ሁለት መስኮቶችን ጎን ለጎን አድርጌ ስሠራ ዓይኔ የሚያየው አንድ መስመር ነው፤ በመካከላቸው ያለው። የምፈልገውም ያ መስመር ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዲሄድ ነው። የትኛው መስኮት ላይ እንዳለሁ በዚያች ቅጽበት አላስብም።

ቲመክስ (አንድን ተርሚናል በብዙ ክፍሎች የሚከፍለው ፕሮግራም) የሠራው እንዲህ ነው። ቀኝ ሲታዘዝ የክፍሉ የቀኝ ድንበር ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ክፍሉ የመጨረሻው ከሆነና በቀኙ ድንበር ከሌለው ደግሞ የግራው ድንበር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ክፍሉም ይጠባል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ግራ ያጋባል፤ ቀኝ የሚለው ትእዛዝ አንዱን ክፍል አስፍቶ ሌላውን ያጠባልና። በስክሪን ላይ ግን ሁልጊዜ የተጫንኩት ቀስትና የሚንቀሳቀሰው መስመር ይስማማሉ። አራት ቁልፍ ይበቃል። በ«ጠርዝ» አገባብ ግን አራት ጠርዞች ሁለት ሁለት ምልክት ስላላቸው ስምንት ቁልፍ ማሰር ሊኖርብኝ ነው። አይ3 ነባሪ ማዋቀሪያው ውስጥ በአራት ቁልፍ ያበቃው ጠርዞቹን ትቶ «ስፋት» እና «ቁመት» የሚሉትን በመጠቀሙ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ የሚመለሰውም በዚህ ነው። አይ3 ውስጥ መስኮቱ በተባለው አቅጣጫ ጎረቤት ከሌለው ፕሮግራሙ ዛፉን ወደ ላይ እየወጣ ይፈልጋል፤ ካጣ ስህተት ይመልሳል፣ ተጠቃሚውም ቁልፉን ተጭኖ ምንም ሲሆን አያይም። የቢኤስፒደብሊውኤም ተጠቃሚዎች ደግሞ በየማዋቀሪያ ፋይላቸው «ቀኙ ካልሆነ ግራውን ሞክር» የሚል በሼል (የጽሑፍ ትእዛዞችን በሚፈጽመው ፕሮግራም) የተጣመረ ትእዛዝ ይጽፋሉ። ሰው ሁሉ ተመሳሳዩን መጠገኛ የሚጽፍ ከሆነ የጎደለው ነገር በአገባቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ግፋ» አይጣል።

---

ጽሑፍ_ተንታኝ

ማውስ የለሽ ያነሡት ትክክለኛ ፍላጎት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ትእዛዞች ይለያያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ተጠቃሚ በዓይኑ እያየ ሲጫን ውጤቱን ወዲያው ያርመዋል፤ ስክሪፕት ግን አያይም፣ ስለዚህ «ይህን መስኮት አስፋ» ብሎ ሲልክ መስኮቱ ሊጠብ የሚችልበት ዕድል መኖር የለበትም። ሁለቱንም ይያዙ። የመሞከር ቅደም ተከተሉን ደግሞ ከሼሉ አውጥተው ወደ አገባቡ ያስገቡት፤ ለምሳሌ፦

ጠርዝ ቀኝ ወይም ግራ +20ፒክ

ፕሮግራሙ ዛፉን ስለሚያውቅ የትኛው ጠርዝ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል አስቀድሞ ያያል፤ ሼሉ ግን አንደኛው ትእዛዝ ሲከሽፍ ብቻ ነው የሚያውቀው።

---

ባለ_አንጓ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ግፋ» የሚለውን ልጥለው ተቃርቤ ነበር፤ አሁን ይቆያል፣ ግን በማዋቀሪያ መመሪያው ላይ ለቁልፍ ብቻ እንደሚመከር እጽፋለሁ። እስካሁን የደረስኩበት እንዲህ ነው፦

ጠርዝ ቀኝ +20ፒክ

ጠርዝ ቀኝ ወይም ግራ +5በመቶ

ግፋ ቀኝ 20ፒክ

መጠን አድርግ ስፋት 80ፊደል ቁመት 24ፊደል

በመቶ ማለት የወላጅ አንጓው መቶኛ ነው፤ ለተንሳፋፊ መስኮት የስክሪኑ መቶኛ ይሆናል። ሩብ ፒክሰል እንደ አይ3 ሁለቱን መለኪያ ማጻፍ ይሻላል ብለዋል፤ እኔ ግን መስመሩ ከመጠን በላይ ይረዝማል ብዬ ትቼዋለሁ። ፊደል የሚለው መለኪያ የእድገት እርምጃ ፍንጭ ለሌለው መስኮት ሲሰጥ ስህተት ይመለሳል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ተጠቃሚው «+200ፒክ» ብሎ ጎረቤቱ ሊለቅ የሚችለው 60 ብቻ ቢሆን፣ 60ውን ልስጥ ወይስ ትእዛዙን በሙሉ ልከልክል? ዲደብሊውኤም ምጣኔው ከ0.05 በታች ወይም ከ0.95 በላይ ሲሆን ምንም ሳይናገር ይተወዋል፤ ይህ ግን ለስክሪፕት ጸሐፊ ጨለማ ውስጥ መተው ይመስለኛል።

---

ሩብ_ፒክሰል

60ውን ይስጡና በሶኬቱ መልስ ላይ በተግባር የተሰጠውን ቁጥር ይጻፉ። ቁልፍ የሚጫነው ሰው መልሱን አያነብም፤ መስኮቱ እስከ ጥጉ ሲደርስ ማየት ይበቃዋል። ስክሪፕቱ ደግሞ 200 ጠይቆ 60 መቀበሉን ያነብና የሚያደርገውን ይወስናል። ስህተት የሚመለሰው አንድ ፒክሰል እንኳ መንቀሳቀስ ሳይቻል ሲቀር ብቻ ይሁን፤ ያን ጊዜ «ወይም» የሚለውም ወደ ቀጣዩ ጠርዝ ይሻገራል።

ትንሹ መጠን ከየት እንደሚመጣም ይወስኑ። ለተደረደሩ መስኮቶች የፕሮግራሞቹን ፍንጭ ሙሉ በሙሉ ማክበር ዋጋ አለው፤ ዲደብሊውኤም ውስጥ ይህን የሚያበራና የሚያጠፋ አማራጭ ያለው በከንቱ አይደለም፣ ሲበራ ተርሚናሎች በሙሉ ፊደል ስለሚያድጉ በዳር በኩል ክፍት ቦታ ይቀራል። እኔ ብሆን ለተደረደሩት የራሴን ዝቅተኛ ወሰን አውጥቼ ፍንጩን ለተንሳፋፊዎቹ ብቻ አከብራለሁ።

---

ጽሑፍ_ተንታኝ

አገባቡን ከመዝጋትዎ በፊት ለሁለት ነገሮች ቦታ ይተዉ። አንደኛው የትኛው መስኮት እንደታዘዘ ነው። አሁን ባለው መልኩ ትእዛዙ ሁሉ የሚመለከተው ትኩረት ያለውን መስኮት ነው፤ ስክሪፕት መስኮት ከፍቶ መጠኑን እስኪያዝ ድረስ ግን ተጠቃሚው ወደ ሌላ መስኮት ሊሻገር ይችላል፣ ትእዛዙም ባልታሰበው መስኮት ላይ ያርፋል። አይ3 ከትእዛዙ በፊት መለያ መስፈርት ያስቀድማል፤ ቢኤስፒደብሊውኤምም አንጓ መምረጫ ይቀበላል። የመስኮቱ መለያ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ በአማራጭነት እንዲገባ ከአሁኑ ካልፈቀዱለት፣ በኋላ ሲጨምሩት ከግሡ ጋር ይጋጭብዎታል።

ሁለተኛው በአንድ ትእዛዝ ከአንድ በላይ ጠርዝ መቀበል ነው፦

ጠርዝ ቀኝ +20ፒክ ታች +10ፒክ

ይህ መስመር ለማሳጠር ብቻ የመጣ አይደለም። ሁለት ትእዛዝ ከሆኑ መስኮቱ ሁለት ጊዜ መጠኑ ይለወጣል፤ ውስጡ ያለው ፕሮግራምም ሁለት ጊዜ ራሱን ደግሞ ይስላል፣ በከባድ ፕሮግራሞች ላይ ብልጭታው በዓይን ይታያል። የኤክስ11 ጥያቄ ራሱ ቦታን፣ ስፋትንና ቁመትን በአንድ ላይ መሸከም ስለሚችል በአንዴ ይላኩት። ወደፊት የኤክስ11 ተተኪ ወደሆነው ዌይላንድ ለመሻገር ካሰቡ ደግሞ እዚያ እያንዳንዱ የመጠን ለውጥ ለፕሮግራሙ የሚላክ መልእክት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በመለያ ቁጥሩ እስኪያረጋግጥ ይጠበቃል፤ ሁለት መልእክት ከአንድ ይልቅ የሚያስከፍለው እዚያ ይበልጣል። በ«ወይም» የተያያዙ ጠርዞች አማራጮች፣ ያለ «ወይም» የተከታተሉት ደግሞ አብረው የሚፈጸሙ መሆናቸውን ፓርሰሩ በቀላሉ ይለያቸዋል፤ ምክንያቱም በሁለተኛው መልክ እያንዳንዱ ጠርዝ የራሱ ቁጥር አለው።